ጨው የሌለበት በርበሬ

ዓርብ፣ ጥር 19 ቀን 2015፤ ቢቸና

ይህ ደብተር የመንግሥት ነው። ፍርድ ቤቱ ለሬጅስትራር ክፍል ካደለው አንዱን በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ሌላው ቢያደርገው ሳምንት ሙሉ የምናገር ሰው ነኝ። ግን የሆዴን የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ለወረቀት ልንገር።

ትናንት ሞጣ ዋልን። የኔሰው ሆዱ ተቀዳ። ነርሶቹ የሚሉት እንዲሁ ነው፣ "ተቀዳ"። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል ወጉትና በቀጭን ቱቦ አምስት ሊትር ተኩል ቢጫ ውኃ ወረደ። ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ተኝቶም ሊትሩን ራሱ ይቆጥር ነበር። ጉበቱ ጠንክሮ ጠባሳ ሆኗል፤ ሐኪሙ ሲሮሲስ ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በደሙ ውስጥ የኖረ ቫይረስ ነው ያመጣው፣ መጠጥ አይደለም። ይህን ግን ሰፈሩን እየዞርኩ ማንበብ አልችልም። ግድግዳ የምንጋራት ሸዋነሽ ለሌሎች ሴቶች "ለካ ድምፁን አጥፍቶ ሲጠጣ ኖሯል" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ ሁለት ነገር አዘዘ። አንዱ ውኃውን በሽንት የሚያወጣ ኪኒን ነው። ሁለተኛው፣ ጨው እንዳይነካ። "ጨው ውኃ ይይዛል። ጨው ከበሉ የቀዳነው ተመልሶ ይመጣል፤ ሕመሙም አብሮ" አለው። ወደኔ ዞሮ ደግሞ "ይህ የእርስዎ ሥራ ነው" አለኝ። ዛሬ ድስቱ ላይ ቅንጣት ጨው አልጨመርኩም።

ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሰው ይቀዳ ነበር። ሴት ናት። ውበቴ ትባላለች፣ ሞጣ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፣ በሽታዋም የሱው ነው። "ጋሼ፣ ስንት ወጣልዎት?" አለችው በመጋረጃው።

"አምስት ተኩል።"

"እኔ ስድስት። በለጥኩዎት።"

የኔሰው ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። እኔ ኮቱን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 24

ከሸሚዙ ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትር አገኘሁ። እኔ መድኃኒት ልቀበል ስወጣ ውበቴ ሰጥታው ነው። ስልክም የተለዋወጡት ያኔ ነው።

"በየጠዋቱ ምንም ሳይቀመስ እምብርት ላይ ዙሪያው ይለካል። ውኃው መመለሱ በዚህ ይታወቃል" አለኝ። እያስተማረኝ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ሐኪሙም አልነገረን። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ያቀፍኩትን ሰው ዛሬ ስንት እንደሆነ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት። ለክቶ ይጽፍላታል፣ እሷም የራሷን ትመልሳለች።

ዛሬ 93።

ዓርብ፣ የካቲት 3

ትናንት እኔ ችሎት ስለነበረብኝ ከወንድሙ ጋር ሞጣ ሄደ። ሲመለስ ፌስታል ይዟል። ሁለት ጣሳ፣ በአንዱ በርበሬ፣ በሌላው ሽሮ።

"ከውበቴ ነው" አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ልጅ ሒሳብ ስቶ ሲያርመው እንደሚያደርገው። "ጨው ያልገባበት ነው። የኛ በርበሬ ሲዘጋጅ አብሮት ጨው ይገባል አይደል? ሽሮውም እንደዚያው። ድስት ላይ ባትጨምሪም እየበላሁ ነው ማለት ነው። እሷም መጀመሪያ ሦስት ወር አልነቃችበትም ነበር።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ደነገጥኩ። አላሰብኩትም። በርበሬውን ኅዳር ላይ የደለዝኩት እኔ ነኝ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ጨውን በእፍኝ የበተንኩት እኔ ነኝ። ለየትኛዋም የቢቸና ሴት በርበሬ ያለ ጨው ቢሏት ትስቃለች። ወጥ ላይ አለመጨመር ነው እንጂ በርበሬው ውስጥ ያለውን ማን ጨው ብሎ ይቆጥረዋል?

ግን ድንጋጤው አልቆየም። አንዲት ሴት ለባሌ ሽሮ አስፈጭታ ላከች። ይህ በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ሚስትህ አልቻለችም ማለት ነው።

"አመስግንልኝ" አልኩት። ጣሳዎቹን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኳቸው።

እሑድ፣ የካቲት 5

ለምሳ ሽሮ ሠራሁ። "በውበቴ ነው" አልኩት። በራሴ ነበር። ጨዉ እንዳይታወቀው በርበሬውንም ሽሮውንም ቀነስ አድርጌያለሁ። ምን እንደሚል ለማየት ብቻ ነው፤ ከነገ ጀምሮ በሷው እሠራለሁ።

ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። "ይች ሴት እጇ ግሩም ነው። ያለ ጨው እንዲህ የሚጣፍጠው ምን አድርጋበት ነው?"

የኔን እጅ ለሷ አመሰገነ። ወዲያው ስልኩን አንስቶ ደወለላት፣ "ሳህኑን ጠረግሁት" አላት። ማዶ ስትስቅ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ምን ልበል? የኔ ነው ልበል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ዛሬም በራሴ ሠራሁ። ቸኩዬ ነበር፣ ጣሳውን ለማውረድ ወንበር ያስፈልጋል።

96።

ሰኞ፣ የካቲት 13

ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን "በሽተኛ ነህ፣ ዕንቁላልና ወተት ውሰድ፣ መድኃኒት ነው" ብለውታል። እሱ ግን ሰው ሁሉ ሲጾም ያፍራል። ምሳም ሽሮ፣ ራትም ሽሮ። "የውበቴ እያለ ምን ቸገረኝ" ይላል።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ትናንት ስድስት ሊትር ቀዱለት። ከሷ ሁለት ተኩል ብቻ።

ዛሬ በስኩዌር ወረቀት ግራፍ ሠርቶ አሳየኝ። ከታች ቀኑ፣ በጎን ሴንቲ ሜትሩ። የሱ በሰማያዊ፣ የሷ በቀይ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ወረቀት ላይ ተኝተዋል። ቀዩ እየወረደ ነው፣ ሰማያዊው በተቀዳ ቁጥር ዝቅ ይልና ተመልሶ ይወጣል። ደብረ ማርቆስ የምትማረው ልጃችን ማርያማዊት ስትደውል ለሷም ተረከላት። "የሰውነት ጉዳይ ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል" አላት።

እኔ ደግሞ የመኪናው መንገላታት ነው እላለሁ። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለው መንገድ ጤነኛም አያስችልም። ብርዱም አለ። የሸዋነሽም ዓይን አለ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 25

ከሰዓት በኋላ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ በስልክ ያወራል።

"በቀኝ ጎኔ የወፍጮ መጅ የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ስቀመጥ ሆዴ ጭኔ ላይ ይወድቃል። ጫማዬን ካሰርኩ ወር ሆነኝ። እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ።"

ያኑ ዕለት ጠዋት ጠይቄው ነበር። "ደህና ነኝ፣ ባንቺ" ነበር ያለኝ፣ ስሜን አሳጥሮ። ለሷ የወፍጮ መጅ፣ ለኔ ደህና ነኝ። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆየሁ።

ስልኩንም አይቻለሁ፤ ጥፋት ነው፣ ልመዝግበው። በጥር መጨረሻ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ" ትለው ነበር። አሁን "የኔሰው፣ እንዴት አደርክ"። አንቱታው የት ሄደ? ስሙ ደግሞ የኔሰው ነው። በጠራችው ቁጥር ምን እያለች እንደሆነ አቤቱታ ብጽፍ የሚቀበለኝ ችሎት የለም።

100።

ዓርብ፣ መጋቢት 1

ትናንት ፈቃድ ወስጄ አብሬው ሞጣ ሄድኩ። ልያት ፈልጌ ነው።

አየኋት። ሆዷ ጠፍቷል፣ ቀሚሷ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ዓይኗ አሁንም ቢጫ ነው። ባሏ ይታያል ይባላል፤ አጠገቧ ተቀምጦ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። "እሱም ከኔ ጋር ያለ ጨው ነው የሚበላው። ብቻዬን ስበላ ባየኝ ጊዜ እምቢ አለ" አለችኝ። ሰውዬው አፍሮ ሳቀ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ባል ያላት ሴት ናት። የጠረጠርኩት ነገር እንደሌለ ገባኝ። ይቀለኛል ስል ባሰብኝ። የጠረጠርኩት ቢኖር ስሙን አውቀው ነበር። ይህ ስም የለውም።

"እትዬ ባንቺ፣ በርበሬው ሳያልቅ አይቀርም። ሌላ አስፈጭቻለሁ" ብላ ከወንበሯ ሥር ሁለት ጣሳ አወጣች።

"አልቆ ነበር" አልኳት። አፌ ነው እንዲህ ያለው። የኔሰው እያየኝ ነበር፣ በምስጋና።

ሐኪሙ ከየኔሰው የወጣውን ሰባት ሊትር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ኪኒኑን ይወስዳሉ?"

"አላጎድልም።"

"ታዲያ ጨው ከየት ነው የሚያገኙት?"

የኔሰው ተቆጣ። ሐኪም ላይ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። "በሚስቴ አይምጡብኝ። ጨው የሚባል አታስነካኝም" አለው። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን ጨመረ።

ቁም ሣጥኑ ላይ አሁን አራት ጣሳ አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8፤ ቢሮ

ባለጉዳይ ተሰልፏል። በአጭሩ።

አዲሱ መጠን እግሩን ይቆለምመዋል። ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል።

በሷ በርበሬ ልሥራ ብዬ ትናንት ጣሳ አወረድኩ። ከፈትኩና በጣቴ ቀመስኩት። ምንም አይልም፣ ያቃጥላል እንጂ ጣዕም የለውም። በዚህ ብሠራለት በመጀመሪያ ጉርሻ ያውቃል። አምስት ሳምንት የበላሁት ምን ነበር ይለኛል። መልሼ ሰቀልኩት።

98፣ በተቀዳ በስምንተኛው ቀን።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

ትናንት ሰባት ተኩል። ሐኪሙ "የእርስዎ ውኃ ለመድኃኒት እምቢ ያለው ዓይነት ነው" ብሎ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጻፈለት።

ዛሬ የኔሰው ግራፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያስተምርበት ድምፅ ነበር።

"ተመልከቺ። ጨው አልበላሁም። ኪኒን አላጎደልኩም። ያንኑ በርበሬ፣ ያንኑ ሽሮ ነው የበላነው። ለሷ ሠራ፣ ለኔ አልሠራም። ማስረጃው ይኸው ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።"

"ባሕር ዳርስ?"

"ምን ሊያደርጉልኝ? መቅጃ ሊቀይሩልኝ? ከዚህ በኋላ ሞጣም ባሕር ዳርም አልሄድም፣ ኪኒኑንም አቆማለሁ። የዛሬ ሳምንት መርጡለ ማርያም እሄድና ጠበል እየተጠመቅሁ የሚመጣውን እጠብቃለሁ።"

ጠበሉን አልጠላሁም። የሚሄድበት ፊት ነው ያስጠላኝ። የመዝገብ መዝጊያ ትእዛዝ ሲሰጥ የማየው ፊት ነው። ልብሱን እንኳ አልመረጠም።

 ሁሉን የማውቀው እኔ ነኝና ዝም አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይላሉ፤ እኔ ከቆጡም አላወረድኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

ከሥራ ስወጣ አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄድኩ። "ቅናት ይዞኛል አባቴ" አልኳቸው። በማን እንደምቀና፣ በሳቁ፣ በስልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀላል ነበር። መስቀሉን ለመሳም ጎንበስ ስል ሳያስሙኝ ያዝ አደረጉት።

"ቅናቱን ሰማሁ። ምን አሠራሽ?"

ምንም ልል ነበር። አለቀስኩ። ከዚያ ተናገርኩ፣ ጣሳዎቹን ሳይቀር።  ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰጡኝ መቶም ቢሆን እሰግድ ነበር።

"ስግደት አልሰጥሽም። ሰግደሽ ይቀልሻል፣ እሱ ግን እየሞተ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ የደበቅሽው የሱን ነው። ዓርብ ሳይሄድ ንገሪው። ሳትነግሪው እኔ ዘንድ አትምጪ።"

ዛሬ አልነገርኩትም። ደክሞት ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ነገርኩት።

ቦርሳው አልጋው ላይ ተከፍቷል። አራቱን ጣሳ አውርጄ ፊቱ ደረደርኳቸው። "ይህ የውበቴ ነው። አንድ ማንኪያ እንኳ ከሱ አልወጣም። ስትበላ የኖርከው የኔን ነው፣ ከነጨው" አልኩት። አዘጋጅቼው የነበረ ሌላ ብዙ ንግግር ነበር፤ ጠፋኝ።

አንዱን ጣሳ ከፍቶ ቀመሰ። "የኛን አምጪ" አለ። አመጣሁለት፣ ቀመሰ። ከዚያ እንደ ሒሳብ አስተማሪ ጠየቀኝ።

"ለስንት ኪሎ ስንት ጨው?"

"ለአሥር ኪሎ ሁለት ኪሎ።"

"ሽሮውስ?"

ነገርኩት። በግራፉ ጀርባ በእርሳስ አሰላ። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ የሚበልጥ ሆነ። ሐኪሙ የፈቀደው ከምግቡ በተፈጥሮ የሚገኘውን ብቻ ነው። እርሳሱን አስቀመጠ። ዱላም ቢሆን ስድብም ቢሆን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

"እንግዲያው ስሌቱ ከመነሻው ስሕተት ነበር" አለ። ፊቱ በራ። ይህን አልጠበቅሁም። "ለመድኃኒት እምቢ ያለው የኔ ሆድ አይደለም። ገና አልተሞከረም። ባንቺ፣ አላለቀልኝም ማለት ነው።"

ሳቀ፤ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ እያመመው ሳቀ። ስልኩን አነሳና ደወለላት። "ውበቴ፣ ጨው ነበር። ስበላ የኖርኩት ጨው ነበር" አላት፣ ልጅ ተወለደልኝ እንደሚል ሰው። ማዶ ስትጠይቀው ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። "እቤት ውስጥ ተሳስተን ነው" አላት። ተሳስተን አለ፣ ራሱንም ጨምሮ።

ያጠፋሁት እኔ ሆኜ፣ ደስታውን ለሷ ሲነግራት ቀናሁ። አሁንም፣ እዚህ ላይ እንኳ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 21

ንዴቱ ዛሬ መጣ። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"ለምን?" አለኝ።

"ቀንቼ።"

"በምኔ? በዚህ ሆዴ?"

"ለሷ የምትነግራትን ለኔ አትነግረኝም።"

"አንቺ ትፈሪያለሽ። ስነግርሽ ፊትሽን ማየት አልችልም። እሷ አትፈራም፣ የራሷ ሆድ ነው።" ትንፋሹ አጠረውና ቆየ። "ስምንት ሳምንት ሙሉ የምሞት መስሎኝ ነበር ባንቺዓለም። ለማርያማዊት የስንብት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሐኪሙ ፊት ምዬልሻለሁ።"

ሙሉ ስሜን ሲጠራኝ ከሠርጋችን ወዲህ አላስታውስም።

"ከእጅሽ አልበላም" አለ። ተነስቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ወጥ ቤት ገባ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጣሳው ሽሮ ሠራ። አጓጎለው። ያጓጎለውን በላ።

መርጡለ ማርያም መሄዱን ትቶታል። ኪኒኑንም ጀምሯል።

እሑድ፣ መጋቢት 24

ሸዋነሽ በአጥር አሻግራ "ባልሽ ወጥ ቤት ገባ አሉ፣ ምን አጠፋሽ?" አለችኝ፣ ለጨዋታ። "ብዙ" አልኳት። ሳቀች።

ዓርብ፣ መጋቢት 29

ትናንት ከወንድሙ ጋር ሄዶ ተቀዳ። አምስት ሊትር። ልከተል ብል "አያስፈልግም" አለኝ። ለሐኪሙ ምን እንዳለው አልጠየቅሁም። ከተመለሰ በኋላ ወንድሙ በር ላይ ለብቻዬ "ጨው በበርበሬ እንደገባ ነገረው፣ ማን እንዳገባው አልነገረውም" አለኝ።

ዛሬ 90። ይህን ከግራፉ ነው ያነበብኩት፣ እሱ ሲተኛ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 1፣ ሆሣዕና

ዛላ በርበሬ ገዝቼ ከትናንት በስቲያ ደለዝኩ፣ ያለ ጨው። እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ጨው ዕቃው ሄዶ ተመለሰ። ሲደርቅ አስፈጭቼ በጣሳ አስቀምጥለታለሁ። አይነካው ይሆናል። እኔ ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ከሱ የተረፈውን ነው የምበላው፣ የጓጎለውን። አልነገርኩትም። አይቶ ከሆነም አልተናገረም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5

ጠዋት ለሥራ ስወጣ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ስልክ እያወራ ነው።

"ሰማንያ ዘጠኝ። አዎ፣ ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሳምንቱን ሙሉ አልወጣም፣ እንዲያውም ወርዷል። ጎኔ ላይ የነበረውም ቀለል አለ። ዛሬ ጫማዬን አሰርኩ።"

አዳመጣት።

"ገና ነው። አልነገርኳትም" አለ።

ባሌ እየተሻለው መሆኑን የሰማሁት ለሌላ ሴት ሲነግራት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደስ አለኝ። እዚያው ቆሜ ቀናሁ። በሩን ሳልነካ ወጣሁ።

ቢሮ ቀኑን ሙሉ የቀጠሮ ቀን እየተሳሳትኩ ዋልኩ። ማታ ገብቼ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ ድፍረቱም እንዳይጠፋው ብዬ ሬዲዮኑን ዘጋሁት። አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እስካሁን አልነገረኝም።